ሚካኤል ልጄን በጀሪካን አወጣልኝ

እንኳን ለቅዱስ ሚካኤል ወርኃዊ በዓል አደረሳችሁ። አምና ስሳል «በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብዬ ነበር። ዘግይቻለሁ፣ አምላኬ ይቅር ይበለኝ።

ያደግኩት መርሐቤቴ ነው። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል፤ ከለሚ ቁልቁል ጀማ ወንዝ ድረስ ይወርዳል፣ ከዚያ እስከ ዓለም ከተማ ሽቅብ ነው። የቆላው ሙቀት አይጣል ነው። ልጅ ደግሞ ወንዝ ካየ አያስችለውም።

አምና ግንቦት ማብቂያ ላይ እናቴን ልጠይቅ የ11 ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ልብስ ላጥብ ስወርድ ከረጢት አንጠልጥሎ ተከተለኝ። ምንድን ነው ስለው «መንሳፈፊያ ሠራሁ እማ» አለኝ። 6 ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ለቅሞ፣ ክዳናቸውን ጥርቅም አድርጎ፣ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከቷቸዋል። በሲባጎ ወገቡ ላይ አሰረው። ኮራሁበት እንጂ አልተቆጣሁም። «ዳር ዳሩን ብቻ» አልኩት፣ ወደ ልብሴ ዞርኩ።

ሃይላንዶቹ ከወገቡ በስተጀርባ ነበሩ። ውሃ አየር ያለበትን ነገር ወደ ላይ ይገፋል። እግሩ መሬት ሲያጣ ወደ ላይ የወጣው መቀመጫው ነው፤ ፊቱ ውሃ ውስጥ ተደፋ። ያ ሁሉ አየር እንዳይሰምጥ ያዘው እንጂ አፍንጫውን ከውሃ አላወጣለትም። ቀና ሊል በታገለ ቁጥር ከረጢቱ መልሶ ይደፋዋል። ደጋው ዘንቦ ስለነበር ውሃው ደፍርሷል፣ እየገፋ ይወስደዋል።

ዋና አልችልም። እጄ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። «ባሕራንን ያወጣህ ሚካኤል፣ ልጄን!» ብዬ ጮህኩ። ሰኔ 12 የሚነገረውን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። አንድ ባለጸጋ ሕፃኑን ባሕራንን ሣጥን ውስጥ አድርጎ ባሕር ላይ ጣለው፣ መልአኩ ጠብቆት ዳር ደረሰ። በዚያች ሰዓት ከአፌ የወጣው እሱ ብቻ ነው።

ጩኸቴን ሰምታ አንዲት ልጅ እየሮጠች መጣች። ጠዋት ቀድታ ነበር አሉ፤ አክስቷ ድጋሚ ልካት ነው። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ይዛለች፣ ባዶ። ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል ተወትፏል። የምታዝልበት ገመድ ከእጀታው አልተፈታም። የገመዱን ጫፍ እጇ ላይ ጠቅልላ ወረወረችው። አልደረሰም። ጎትታ ደገመችው። ትከሻው ሥር አረፈ፤ ጣቶቹ እጀታውን ሲጨብጡ አየሁ። ጀሪካኑ ደረቱ ሥር ሲገባ ራሱ ብቅ አለ። ሁለት ሆነን ጎተትን።

በጎኑ አስተኛነው። ብዙ ውሃ ወጣው፣ ሳለ፣ ከዚያ «እማ» አለ። ጤና ጣቢያ ስንወስደው ውሃ ሳንባ ከገባ ሕመሙ ዘግይቶም ሊመጣ ስለሚችል ሳሉንና አተነፋፈሱን ተከታተሉ አሉን። ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹን ሳዳምጥ ነጋ። ጠዋት ቁርስ ጠየቀኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

እናቶች፣ ልጆቻችሁ ይህን ነገር ይሠራሉ። በሃይላንድም፣ በጀሪካንም፣ በመኪና ከመነዳሪም። እባካችሁ ወገብ ላይ አታስሩላቸው። አየሩ ደረትና ብብት ሥር ይሁን። ክዳኑን ውሃ ውስጥ ደፍቃችሁ እዩት፤ አረፋ ከወጣ ያስገባል። ገመድ ይኑረው፣ ጫፉን ትልቅ ሰው ይያዘው። ውሃውም ከልጁ ወገብ አይለፍ። ወንዙ ከደፈረሰ ደግሞ ጭራሽ አይግቡ። ይህን ሁሉ ብታደርጉም ዓይናችሁን አትንቀሉ። እኔ የነቀልኩት ሁለት ሸሚዝ ላጥብ ነው።

ሰኔ 12 የተሳልኩትን ጃንጥላ አስገባሁ። ልጄ ይዞት ገባ፣ ያቺም ልጅ አብራን ነበረች። ለእሷ አዲስ ጀሪካን ገዛሁላት። አሮጌውን ልጄ ለምኖ ወሰደው። አልጋው ሥር ነው ያለው፤ ፌስታሉ እንደተወተፈ።