በ42 ዓመቴ ከጸሐፊነት ወደ ሰው ሀብት ሥራ

16 ዓመት በአስተዳደር ሥራ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ መዝገብ ቤት፣ ቀጥሎ ጸሐፊ፣ ከዚያ ኤክስኪዩቲቭ ሴክሬታሪ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ቀጠሮ አስተካክላለሁ፣ ፋይል ሲጠፋ የሚጠራው የኔ ስም ነው። ሥራውን አልጠላሁትም። ግን 42 ሲሞላኝ አንድ ነገር ገባኝ፤ እኔ የማድገው አለቃዬ ሲያድግ ብቻ ነው። እሱ ትልቅ ቢሮ ሲገባ እኔም በር ላይ ያለችው ጠረጴዛ ትለወጥልኛለች። ስልኩ ያው፣ ሥራው ያው።

ለምን ሰው ሀብት? እውነቱን ለመናገር ትልቅ ራእይ አልነበረኝም። ሰው ሁሉ እኔ ጋ እየመጣ «ፈቃዴ ስንት ቀን ቀረኝ?»፣ «ይሄን ማመልከቻ እስቲ አስተካክዪልኝ»፣ «አለቃው ዛሬ እንዴት ነው ፊቱ?» ይለኛል። ከእነዚህ ጥያቄዎች ግማሹ የሰው ሀብት ክፍል ሥራ ነው። ሳይከፈለኝ እየሠራሁት ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያ ስህተቴ በቀጥታ ውጭ ማመልከት ነው። 11 ቦታ አመለከትኩ፣ 2 ቦታ ተጠራሁ። አንደኛው ጋ የጠየቀኝ ልጅ ቢበዛ 30 ዓመት ቢሆነው ነው። በጣም በትህትና «ከእርስዎ በዕድሜ የሚያንስ አለቃ ቢኖርዎት ይከብድዎታል?» አለኝ። «ኧረ በፍጹም!» አልኩ፤ ፊቴ ግን ሌላ ነገር ሳይናገር አልቀረም። ሳይደውሉልኝ ቀሩ።

ያኔ ዕድሜዬ ነው የጣለኝ ብዬ አኩርፌ ነበር። ዛሬ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ የሰው ሲቪ ሳነብ ግን የጣለኝ ወረቀቴ እንደነበር አያለሁ። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ስብሰባ የማስተባብር» ብዬ ነው የጻፍኩት። ይሄ ስለኔ ምን ይናገራል? ምንም። በኋላ ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍኩት። «ስብሰባ ማስተባበር» የምትለዋ «በዓመት ለ5 የሥራ መደቦች የተደረጉ ቃለ መጠይቆችን ፕሮግራም አውጥቻለሁ፣ የእጩዎችን ሰነድ አሟልቻለሁ፣ የፈታኞችን ነጥብ አጠናቅሬያለሁ» ሆነች። ያው ሥራ ነው፣ አንዲት ነገር አልጨመርኩም። በሰው ሀብት ሰው ቋንቋ መጻፍ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ቋንቋውን ያገኘሁት ከፈተና ዝግጅት ነው። ልምድ ለሌለው ሰው የሚሆን ሰርተፍኬት ስፈልግ ኤችአርሲአይ (HRCI) የሚባል የአሜሪካ የሰው ሀብት ሰርተፍኬት ሰጪ ተቋም የሚሰጠውን ኤፒኤችአር (aPHR) የተባለ የጀማሪ ሰርተፍኬት አገኘሁ፤ የሰው ሀብት የሥራ ልምድ አይጠይቅም። በእንግሊዙ የሰው ሀብት ባለሙያዎች ተቋም፣ በሲአይፒዲ (CIPD) መንገድ መሄድ የሚፈልግም አለ፤ እሱ ከደረጃ 3 ይጀምርና ወደ 5 እና ወደ 7 ይወጣል። እኔ የመጀመሪያውን መርጬ ለ5 ወር ልጆች ሲተኙ አነበብኩ። ሰርተፍኬቱ ብቻውን ሥራ አያስቀጥርም፤ ያስቀጥራል የሚላችሁን አትመኑ። ጥቅሙ ሌላ ነው። ለምሳሌ «ቅጥር» ብዬ በአንድ ቃል የማልፈው ነገር ምልመላ (አመልካች መሳብ) እና መረጣ (ከመጡት መለየት) የሚባሉ ሁለት ሥራዎች መሆናቸውን ሳውቅ፣ ጥሩ ሰው አጣን የሚለው አለቃዬ ችግሩ መረጣው ላይ ሳይሆን ማስታወቂያውን የሚያየው ሰው ጥቂት መሆኑ ላይ እንደነበር ታየኝ።

በሩን የከፈተልኝ ግን የወሊድ ፈቃድ ነው። የድርጅታችን ሰው ሀብት ክፍል 2 ሰው ብቻ ነበረው፣ ለ80 ሠራተኛ። አንዷ ልትወልድ 2 ወር ሲቀራት ኃላፊዋ ጋ ገባሁና «ለ4 ወር እኔ ልሸፍን፣ ደሞዜም ባለበት ይሁን» አልኳት። አለቃዬ ደስ አላለውም። ለአንድ ሳምንት «ደህና አደርሽ» ብቻ ነበር የሚለኝ። እኔ ግን 11 ቦታ የተለጠፈ ማስታወቂያ ካሳደድኩ በኋላ፣ ሥራው እዚያው ኮሪደር ላይ መሆኑ እስካሁን ያስቀኛል። ከኔ የሚወሰድ ምክር ካለ ይቺ ናት፤ መጀመሪያ የሚያውቃችሁ ሰው ጋ ጠይቁ። ዕድሜ የሚከብደው በማያውቃችሁ ሰው ዓይን ነው።

የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ የዓመት ፈቃድ መዝገብ ነበር። 2 ደብተርና አንድ የኤክሴል ፋይል፣ ሦስቱም አይስማሙም። እዚህ ላይ መዝገብ ቤት ያሳለፍኩት ጊዜ ካሰኝ። የ80 ሰው የግል ማህደር አውጥቼ፣ የተፈረመውን ቅጽ አንድ በአንድ እያየሁ 3 ሳምንት ፈጀሁ። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ 9 ቀን ፈቃድ ወስዷል ተብሎ ተቀንሶበታል፤ ቅጹን ሳገላብጠው ግን ጥያቄው ውድቅ ተደርጓል፣ ጀርባው ላይ «ሥራ ስለበዛ አልተፈቀደም» የሚል ጽሑፍ አለ። ሰውየው አልወጣም፣ ግን ተቆርጦበታል። ጠርቼ ስነግረው ቅጹን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «እኔማ ስቆጥር ተሳስቼ ነው ብዬ ነበር» አለኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በ2ኛው ወር አንድ የክፍል ኃላፊ ግማሽ ገጽ ወረቀት ይዞ መጣ። «ይሄን ልጅ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፊለት፣ ዛሬውኑ።» ልጁ 3 ቀን አርፍዷል። እኔ ምን አደረግኩ? ጻፍኩ! በ20 ደቂቃ፣ ቆንጆ አድርጌ፣ ግርጌው ላይ የግልባጭ ዝርዝር ሳይቀር። 16 ዓመት ሙሉ ኃላፊ «ጻፊ» ሲል መጻፍ ነው የማውቀው። ደብዳቤው ወጣ። በማግስቱ ልጁ የሆስፒታል ወረቀት ይዞ መጣ፤ እናቱን ሲያስታምም ነበር፣ ለቅርብ አለቃውም በስልክ ተናግሯል። ማንም አልጠየቀውም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ደብዳቤው በደብዳቤ ተሻረ። ኃላፊዬ አልጮኸችብኝም፤ የድርጅቱን የዲሲፕሊን መመሪያ አውጥታ «ሠራተኛው በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ ይደረጋል» የሚለውን መስመር በእርሳስ አሰመረችና ሰጠችኝ። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር። ነገሩ ደግሞ የአንድ ድርጅት መመሪያ ብቻ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 158፣ አንቀጽ 7 ላይ፣ ሠራተኛ በጠባዩ ወይም በሥራ አፈጻጸሙ ከመሰናበቱ በፊት ለቀረበበት ክስ ራሱን የሚከላከልበት ዕድል ሊሰጠው ይገባል ይላል። የኔው ማስጠንቀቂያ እንጂ ስንብት አልነበረም፤ «የመጨረሻ» የምትለዋ ቃል ግን ልጁን በሩ ጋ አድርሳው ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ የገባኝ ይሄ ነው። ፋይል መያዝ፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ቀን መቁጠር ይዤው የመጣሁት ነው። መተው የነበረብኝ ደግሞ «እሺ» ማለትን ነው። ጥሩ ጸሐፊ የታዘዘችውን ፈጥና ትጨርሳለች። እዚህ ግን መፍጠኔ ነው ያስጠየቀኝ። አሁን ማንም ወረቀት ይዞ ሲመጣ «ቁጭ በል እስቲ፣ ልጁ ምን አለ?» እላለሁ። ለመልመድ አንድ ዓመት ወስዶብኛል፤ መጀመሪያ አካባቢ ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

4 ወሩ ሲያልቅ የሰው ሀብት ረዳት የሚል መደብ ተከፈተና ተወዳድሬ ገባሁ። ደሞዜ ትንሽ ዝቅ ብሎ። 14 ወር ፈጅቶ ነው ወደነበረበት የተመለሰው፤ ልትዛወሩ ያሰባችሁ ይሄን ከቤተሰብ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ቁጥርም መማር ነበረብኝ። የለቀቀ ሠራተኛ ምጣኔ ስሌቱ ቀላል ነው፤ በዓመቱ የለቀቁትን ለአማካይ የሠራተኛ ብዛት አካፍሎ በ100 ማባዛት። 12 ሰው ለ80፣ 15 በመቶ። ኮርቼ አቀረብኩ። ሥራ አስኪያጁ «እና?» አለኝ። አፍሬ ተመለስኩና ማህደሩን እንደገና ገለጥኩ፤ ከ12ቱ 7ቱ የለቀቁት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ነው፣ ከ7ቱ ደግሞ 5ቱ ከአንድ ክፍል። ያን ጊዜ ነው ወሬው ከቁጥር ወደ ሰው የዞረው።

ያልጠበቅኩት የጓደኛ ነገር ነው። ምሳ አብረን የምንወጣ 4 ሴቶች ነበርን። «ዘንድሮ ጭማሪ አለ እንዴ? ማን ሊነሳ ነው?» ይሉኛል፤ እኔ አውቃለሁ፣ መናገር ግን አልችልም። «አላውቅም» ብዬ ስዋሽ ደግሞ ያውቁብኛል። በኋላ «አውቄም ቢሆን አልነግራችሁም» ማለት ጀመርኩ። አንዷ እስካሁን አኩርፋለች።

ፔሮል፣ የደሞዝ ስሌቱን ማለቴ ነው፣ አሁንም አልወደውም። ቪሉክአፕ (VLOOKUP) የሚባለውን የኤክሴል መፈለጊያ ቀመር 3 ጊዜ ተምሬ 3 ጊዜ ረስቻለሁ፣ አንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ስክሪኑ ጥግ ለጥፌዋለሁ።

ያ ግማሽ ገጽ ይዞ የመጣው ኃላፊ አሁንም እዚያው ነው ያለው። ባለፈው ሳምንት ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ፣ ሳልናገር ፊቴን አየና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «ጸሐፊ እያለሽ ይሻል ነበር» አለኝ።