የዋና ልብስ ይዞ ለመጣው አባት

ዛሬ ፍሎሪዳ፣ ብሉ ስፕሪንግ ፓርክ በር ላይ አንድ አባት የልጆቹን የዋና ልብስ እንደያዘ «በብርድ ወራት ዋና ክልክል ነው» ተባለ። ልጆቹ አኮረፉ።

ምክንያቱ ማናቲ የሚባለው የውሃ አጥቢ እንስሳ ነው። ግዙፍ ቢሆንም ብርድ የሚከላከል ወፍራም ስብ የለውም። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ይታመማል፣ ይሞታልም። የፓርኩ ምንጭ ግን ዓመቱን ሙሉ 22 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በብርድ ወራት እዚያ ይጠለላል። ዋናተኛ ካባረረው መሄጃው ቀዝቃዛው ወንዝ ብቻ ነው! ስለዚህ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ ገደማ ውሃው የማናቲዎቹ ነው።

በማለዳ ሂዱ፤ ብርዱ በጠና ቁጥር ብዙ ይታያሉ። ቅዳሜና እሁድ መኪና ማቆሚያው ሲሞላ በሩ ይዘጋል። ከእንጨት መተላለፊያው ላይ ሆናችሁ ጀርባቸውን ተመልከቱ፤ ነጫጩ ጠባሳ የጀልባ ሞተር የቆረጠው ነው። ተመራማሪዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት በዚያ ጠባሳ ነው።