የተሳቢ ባነር ከፊት ጠርዙ ነው የሚያዘው

የመጀመሪያውን የተሳቢ ባነር የሰቀልኩት በ2013 ዓ.ም ጥር ላይ፣ ቡና ከጅማ ቀንና ሌሊት በሚጫንበት ሰሞን ነው። ማክሰኞ ማታ ወጥሬ ጨረስኩ፤ ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል መኪናው ወጣ፤ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ሹፌሩ ነበር። «ወንድሜ፣ ባነርህ ክንፍ አውጥቷል። ጊቤ በረሃ ቁልቁለቱ መሃል ቆሜያለሁ። ልቁረጠው?» አለኝ። «ቁረጠው» አልኩት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ባነር ሠርቻለሁ። በምርቃት ሰሞን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ፎቶ የሚነሱበትን፣ የሠርጉን፣ የሱቅ መክፈቻውን፣ እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳና መርካቶ አካባቢ ከምሰሶ ምሰሶ የሚወጠረውን ሁሉ። ይኼ ሁሉ ግን ቆሞ የሚውል ነገር ላይ የሚሰቀል ነው። ተሳቢ ይሄዳል። ያ አንድ ልዩነት ሥራውን ከሥሩ ይለውጠዋል።

ደንበኛዬ ቡና ቆልተውና ፈጭተው አሽገው የሚሸጡ የከተማችን ነጋዴ ናቸው፤ ሁለት ባለተሳቢ መኪና አላቸው። ሰዉ ሁሉ ሀጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። የፈለጉት በተሳቢው ግራና ቀኝ የቡናው ስም፣ የሲኒ ሥዕልና ስልክ ነበር። ስለካው ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ20 ሆነ። በካሬ ሜትር 440 ግራም በሚመዝነው በተለመደው የባነር ፕላስቲክ አተምኩት። ክብደቱን ያሰላሁት በኋላ ነው፤ አንዱ ጎን ብቻ ከ11 ኪሎ ይበልጣል። ጠርዙን አጥፌ በየ50 ሳንቲሜትሩ የብረት ቀለበት መታሁበት፣ በሲባጎ ጠፈርኩት። ከሩቅ ሲያዩት ያምር ነበር።

ዓርብ መኪናው ሲመለስ ሀጂ ግቢ ሄድኩ። «ሀጂ፣ ወጪው በእኔ ነው፣ እንደገና እሠራዋለሁ» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። «ልጄ፣ ወጪውን ተወው። ያ ነገር የባጃጅ መስታወት ላይ ቢጠመጠምስ ኖሮ?» አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከአበልቲ ወደ ጊቤ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ አውቀዋለሁ። ጠመዝማዛ ነው፤ ከታች አይሱዙ እያቃሰተ ይመጣል፣ በዳር እረኛና ከብት ይሄዳል። 12 ሜትር ፕላስቲክ ከነብረት ቀለበቱ ተገንጥሎ ቢበር ምን እንደሚያደርግ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ባነር ከመስቀሌ በፊት መጀመሪያ የማስበው ከመኪናው ጎን ስለሚያልፈው ሰው ነው።

የተረፈውን ቁራጭ ግቢው ውስጥ ዘርግቼ ግማሽ ቀን አየሁት። ቅዳጁ ራሱ ይናገራል። የተጀመረው በፊት በኩል፣ ከላይኛው ማዕዘን ነው። እዚያ ያሉት ቀለበቶች ፕላስቲኩን ይዘው ወጥተዋል፤ ከኋላ ያሉት ግን ብዙዎቹ ደህና ናቸው። ነፋሱ ከፊት ጠርዙ ሥር ገብቶ ባነሩን ከስፖንዳው፣ ማለትም ከተሳቢው የጎን መዝጊያ፣ አስነሣው፣ ከተነሣ በኋላ ማራገብ ጀመረ፣ ማራገቡ ደግሞ ቀለበቱን በየሰከንዱ እየመነጨቀ አላላው። የተወጠረ ባነር ይሳባል፤ የላላ ባነር ግን ይገረፋል፣ የሚቀደደውም በግርፋቱ ነው። የነፋስ ግፊት ደግሞ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በአራት እጥፍ ነው የሚጨምረው። ከተማ ውስጥ በ40 ሲሄድ ፀጥ ብሎ ያየሁት ባነር ሜዳ ላይ በ80 ሲሄድ አራት እጥፍ ጉልበት ነው የመጣበት።

ሌላም ነገር አየሁ፤ ለብዙ ባለሙያ ስነግረው ይገረማል። በሹፌሩ በኩል ያለው ባነር በረዳቱ በኩል ካለው ይልቅ ብዙ ቆይቷል። የእኔ ማተሚያ ስፋቱ 1 ሜትር ከ60 ስለሆነ ባነሩን በቁም እየቆረጥኩ ነው ያገናኘሁት። ሳገናኝ ፊት ለፊት ቆሜ ሁልጊዜ የግራውን ቁራጭ በቀኙ ላይ አደርብ ነበር። በሹፌሩ በኩል ይኼ ትክክል ነው፤ የፊተኛው ቁራጭ በኋለኛው ላይ ይደረባል፣ ነፋሱ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተንሸራተተ ያልፋል። በረዳቱ በኩል ግን የመኪናው ፊት በቀኜ ነው። እዚያ ኋለኛው ቁራጭ ፊተኛው ላይ ተደርቦ፣ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ለነፋስ አፉን ከፍቶ ነበር። መገጣጠሚያውን ያጣበቅኩትም በማስቲሽ ነው። ማስቲሽ በጅማ ብርድ ጥርቅም ብሎ ይይዛል፤ ጊቤ በረሃ ሙቀት ሲያገኘው ግን ይለሰልሳል። አሁን በሙቅ አየር አቅልጬ ነው የማጋጥመው፣ ሁልጊዜም የፊቱን በኋላው ላይ። አግድም መገጣጠሚያ ካለም የላዩ በታችኛው ላይ ይደረባል፤ እንደ ቤት ቆርቆሮ፣ ዝናቡ እንዲወርድ።

ሁለተኛውን ስሠራ የፊት ጠርዙን በገመድ አላሰርኩትም። ከላይ እስከ ታች በጠፍጣፋ ብረት ረግጬ በብሎንና በሮንዴላ አጠበቅኩት። ትራፓኖ ከማንሣቴ በፊት ሀጂን አስፈቀድኩ፤ የሰው መኪና ነው፣ በስቶ ያለ ቀለም የተወ ሰው ደግሞ ዝገት ዘርቶ ነው የሚሄደው። የተበሳውን ሁሉ ፀረ ዝገት ቀባሁ። ቀለበቱን በየ25 ሳንቲሜትሩ አደረግኩ፣ የታጠፈው ጠርዝ ውስጥ ናይለን ገመድ አስገባሁ፣ ማዕዘኖቹን በሦስት ማዕዘን ቁራጭ ደረብኩ። መንገድ ላይ በሚወጠር ባነር እንደሚደረገው ነፋስ ማሳለፊያ ብለው በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ እንድቆርጥ የመከሩኝ ነበሩ። እኔ አልቀበለውም። በዚያ ቀዳዳ የሚያልፈው ነፋስ ትንሽ ነው፣ እያንዳንዱ ቁርጥ ግን አዲስ ቅዳጅ የሚጀምርበት ቦታ ነው። የባነር ጤና ከስፖንዳው ጋር ተጣብቆ መተኛቱ ነው።

ይኼኛው አዲስ አበባ በሰላም ደረሰ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አንድ ቀለበት ሳይነቀል። እዚያ ግን ጫኝና አውራጆቹ በቢላ ለሁለት ከፈሉት። ስፖንዳው ይከፈታላ! እኔ 12 ሜትሩን ሙሉ አንድ አድርጌ ስለሰቀልኩት ጆንያ ለማውረድ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። በእነሱ አልፈርድም፤ ከመለካቴ በፊት ግቢው ሄጄ እንዴት እንደሚያወርዱ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ማየት ነበረብኝ። ሦስተኛውን እንግዲህ በስፖንዳው ቋሚ ብረቶች መሃል በአራት ከፈልኩት። እያንዳንዱ 3 ሜትር በ2 ሜትር ከ20፣ እያንዳንዱ የራሱ የፊት ብረት ያለው። ቀለበቱ በዛ፤ በፊት ለአንድ ጎን 57 ይበቃኝ ነበር፣ አሁን 168 ነው የምመታው። ግን ስፖንዳው ከነባነሩ ይከፈታል፣ አንዱ ቢጎዳም ያን ብቻ እለውጣለሁ። ሦስት ፊደል በሁለት ባነር መሃል እንዳይቆረጥ ጽሑፉን እንደገና መደልደል ነበረብኝ፤ ይኼ ከስፌቱ በላይ አደከመኝ።

ስለ ጽሑፉ ካነሣሁ አይቀር፣ ፊደላችን ለርቀት የራሱ ጣጣ አለው። «በ»ን ከ«ቡ»፣ «ነ»ን ከ«ና» የሚለየው ትንሽ ጭረት ነው። ወፍራምና ጥላ ያለው ፊደል ስትመርጥ ጭረቱ በጥላው ይዋጣል፣ «ቡና»ው ከማዶ «በና» ይሆናል። ስለዚህ ጥላ አልጠቀምም፤ ወረቀት ላይ አትሜ መንገድ ተሻግሬ አነባለሁ፣ ሌላ ሰውም አስነብባለሁ። በአፋን ኦሮሞ ሲጻፍ ደግሞ ቁቤው የሚረዝመውን አናባቢና የሚጠብቀውን ተነባቢ ሁለቴ ስለሚጽፍ ያው ሐሳብ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ሁለቱን እኩል ሳጥን ሰጥቼ አንዱን አጥብቤ አቅጥኜው አውቃለሁ፤ ሀጂ አይተው «ይኼኛው አንባቢ እንግዳ ነው እንዴ?» አሉኝ። አሁን ከቁቤው ጀምሬ ነው የምደለድለው።

ስልክ ቁጥሩንም ከታች አንሥቼ ወደ ላይ ወስጃለሁ። በክረምት የጅማ ቀይ ጭቃ የታችኛውን 40 ሳንቲሜትር ይደፍነዋል። የሰሌዳ ቁጥሩን፣ መብራቱንና አንጸባራቂውን የሚሸፍን ባነር ደግሞ ማንም ቢለምነኝ አልሰቅልም፤ ሌሊት ያን የሚፈልግ ሌላ ሹፌር አለ። በመጓጓዣ ላይ የሚለጠፍ ነገር በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የውጭ ማስታወቂያ ስለሆነ የፈቃዱንም ጉዳይ ከማተሜ በፊት ነው የምጨርሰው።

ሙቀቱ የመጨረሻው አስተማሪዬ ነው። አንድ ጊዜ በጠራራ ፀሐይ፣ ፕላስቲኩ ለስልሶ ሳለ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ወጠርኩት። ሌሊት ሲበርድ ተሰብስቦ ሁለት ቀለበት ነቅሎ አደረ፤ መኪናው ገና ከግቢው አልወጣም። በጠዋቱ ብርድ የወጠርኩት ደግሞ ጊቤ ሲደርስ ላላ። አሁን ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል እወጥራለሁ፣ የኋላ ጠርዙን በሲባጎ ፋንታ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በቆረጥኩት ላስቲክ አስራለሁ። ሲሞቅ ላስቲኩ ይስበዋል፣ ሲበርድ ይለቅለታል። ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለስ እንደገና አጠብቃለሁ፤ ይኼን በዋጋው ውስጥ አስቀድሜ ነው የማስገባው፣ ምክንያቱም አዲስ ባነር ተዘርግቶ ቦታውን የሚይዘው ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ነው።

ገና ያልቻልኩት የታችኛውን ጠርዝ ነው። ጎማው የሚወረውረው ጠጠር ይበላዋል፤ ከስድስት ወር በኋላ ቀለሙ ሄዶ ክሩ ይታያል። በሀጂ ሁለተኛ ተሳቢ ላይ ከአሮጌ የመኪና ሸራ 30 ሳንቲሜትር ቆርጬ ከታች ደርቤበታለሁ፣ በአንደኛው ጎን ብቻ፣ ከሌላው ጋር እንዳስተያየው። ትናንት ማታ ጭኖ ወጥቷል። ረዳቱ ወልቂጤ ለምሳ ሲቆሙ ሁለቱንም ጎን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ።