ሰበር! በሰባት ወር ዝነኛ ያልሆንኩበት ምስጢር (መጨረሻውን ሳያዩ እንዳይሄዱ)

ከጥቅምት 2018 ጀምሮ ስለ ግዕዝ ቁጥርና ስለ ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት) የምጽፍባት ትንሽ የቴሌግራም ቻናል አለችኝ። አንዳንዶቻችሁ «አንባቢ እንዴት ይገኛል?» ስላላችሁኝ እስካሁን የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ተጠንቅቃችሁ ተጠቀሙበት።

መጀመሪያ ላይ የዋህ ነበርኩ። ሦስት ሌሊት ተቀምጬ የጳጉሜንን ስሌት ጻፍኩ፦ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፣ ለ4 አካፍሉ፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በሉቃስ ዓመት ነው። 2015ን ብትወስዱ 7515 ይመጣል፣ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ እውነትም ያን ዓመት ጳጉሜን 6 ነበረች። አርባ አንድ ሰው አየው። አንዷ እናቴ ናት፤ እሷም ፊደሉ አነሰብኝ ብላ ደውላ በቃል አስነበበችኝ።

ያንኑ ጽሑፍ፣ አንድ ቃል ሳልነካ፣ «ሰበር፦ የተደበቀችው ስድስተኛ ቀን ተገኘች!» ብዬ ደግሜ ለጠፍኩት። ዘጠኝ መቶ ሰው! ማን እንደደበቃት የጠየቀ የለም። አንዱ ብቻ «መንግሥት ምን አለ?» ብሏል።

ሥዕል ላይ ቀይ ክብ አድርጉ። የግዕዝ ቁጥሮች ሃያ ምልክቶች ብቻ እንደሆኑና ዜሮ እንደሌላቸው ስጽፍ ፳፻፲፰ን በቀይ ከበብኳት። ለምን እንደከበብኳት እኔም አላውቅም፤ ሕዝቡ ግን ጎረፈ።

ዋናውን ምስጢር ያገኘሁት ግን በጣቴ ስህተት ነው። አንድ ቀን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ «ሠላም ወዳጆች» ብዬ በንጉሡ ሠ ጻፍኩ። ወገኖቼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስልኬ ሲንጫጫ አደረ። ቅኔ ተምሬአለሁ ያለ ሰው «ሰላም በእሳቱ ሰ ነው፣ ትውልዱ ጠፋ» አለ። ሌላው «ድምፁ አንድ ከሆነ ምን አገባህ?» ብሎ መለሰ። ጠቡ ከዚያ ወደ ፀሐይ ተሻገረ፤ በጸሎቱ ጸ የጻፈ ምስኪን ሊቃጠል ምንም አልቀረውም። ንጋት ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ይሁኑ አይሁኑ የሚለው የኖረ ክርክር ተነሥቶ ጽሑፌን ያስታወሰው የለም። እይታው ግን ይቆጥራል!

ከዚያ ወዲህ በየጽሑፉ አንዲት ስህተት ሆን ብዬ እተክላለሁ። «ንጉስ» በእሳቱ ሰ አስተማማኝ ናት። «አመት» መካከለኛ ምርት ትሰጣለች። ሁለት አትደርድሩ፤ አዋቂ መስሎ የሚያርመው ሰው ይጠረጥራል።

ባለፈው ወር ግን ሳላስበው አንድ እውነተኛ ስህተት ገባብኝ፦ 2018ን ዘመነ ሉቃስ ብዬ ጻፍኩ። 7518 ለ4 ሲካፈል የሚተርፈው 2 ነው። ስሌቱ ቻናሉ ላይ ተጽፎ እያለ፣ አራሚዎቼ ሁሉ «ንጉስ» ላይ ተጠምደው ሦስት ሳምንት ቆየ።

እናቴ ደወለች። «ልጄ፣ ዘንድሮ ማርቆስ ነው እኮ፤ ቄሱ ለዕንቁጣጣሽ ሲናገሩ አልሰማህም?»