አያምም እኮ!

ዛሬ ከነጻ ምርመራ ቡድን ጋር ስመዘግብ ዋልኩ። የመጡት አብዛኞቹ የቀን ሠራተኞችና ጎዳና የሚያድሩ ናቸው። አንድ አባት የደም ግፊታቸው ሲለካ 190 በ110 ሆነ። ነርሷ ስላላመነች ደግማ ለካች፤ ያው ነው።

«አባባ፣ መድኃኒት አልጀመሩም እንዴ?» አልኳቸው።

«ጀምሬ ነበር ልጄ። በየወሩ ወረፋ ስጠብቅ እየዋልኩ ሥራው እያመለጠኝ ተውኩት። ደግሞ አያምም እኮ!»

አለማመሙ ነው ክፋቱ። ድምፁን አጥፍቶ ልብና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ባስ ሲልም ስትሮክ ያመጣል።

ጁሊያን ቱዶር ሃርት የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 ጥሩ ሕክምና የሚያንሰው በጣም የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ጋ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ይኸው እስከዛሬ!

የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ እንደሚለው፣ ግፊቱ የተስተካከለ ሰው በየ3 ወይም በየ6 ወሩ ቢታይ ይበቃዋል። ታዲያ የተረጋጋን ታማሚ በየወሩ ማመላለስ ምን የሚሉት ነው? እንደኔ መድኃኒቱን ለሦስት ወር አንዴ መስጠትና ማታ ወይም እሑድ መክፈት ብቻውን ብዙ ሰው ይመልሳል። (ስለ ግንዛቤ ማስጨበጫ ባነር አታውሩብኝ፤ እሳቸው በሽታቸውን አሳምረው ያውቁታል።)

ለጊዜው ሐኪሙ መድኃኒት አስጀምሯቸዋል። ቀጠሯቸውን እሑድ ለማድረግ እየተሟገትን ነው።