ከቀራሮ ሥር፦ አራት ቀን በጅማ

የግቤን በረሃ ቁልቁል ስንያያዘው አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሹራቡን ያወልቅ ጀመር። ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ስንነሳ የተጠቀለልንበት ጋቢ ጉልበታችን ላይ ቀረ። ታላቅ እህቴ መስኮቱን ከፈት አድርጋ ድልድዩን አሳየችኝ። «ይሄ ውኃ ታች ወርዶ ከጅማ ወንዞች ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ ኦሞ ነው» አለች። እሷ ጅማ ስለተማረች መንገዱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ታውቀዋለች። እኔ ግን ይህን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ ከተማ የማውቀው በስሙ ብቻ ነበር። እናታችን ቡና ግዛ ብላ ስትልከኝ «የጅማ መሆኑን ጠይቅ» ሳትል አትቀርም ነበር። ስሙን ሠላሳ ዓመት ስጠራው ኖሬ ዛፉን አለማየቴ ሲከነክነኝ ከረመና ኅዳር ላይ «እቴቴ፣ ተነሺ እንሂድ» አልኳት።

ወቅቱን የመረጠችው እሷ ናት። ኅዳር ቡናው የሚቀላበትና ለቀማው የሚጧጧፍበት ወር ነው። ሳጃን አልፈን ወደ አሰንዳቦ ስንቃረብ ለምን እንደመረጠችው ገባኝ። ከኋላችን የተውነው አገር ሣሩ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ እዚህ ግን ገና ክረምቱ ትናንት የወጣ ይመስላል። ጅማ ላይ ዝናብ የሚጀምረው በመጋቢት ነው፣ እስከ ጥቅምት ድረስም አይለቅም፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል። ሰርቦን እንዳለፍን ከየግቢው አጥር ላይ የአቮካዶና የሙዝ ቅጠል ወደ መንገዱ ተደፍቶ ይታይ ነበር።

የደረስነው ረቡዕ ስለነበር በማግስቱ የሐሙስ ገበያ አልቀረብንም። የዛሬው ከተማ ከመስፋፋቱ በፊት ይህ ሥፍራ ሂርማታ የሚባል ገበያ ነበር፤ ከሩቅ የሚመጡ ነጋዴዎች ማር፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ቅመም የሚገበያዩበት። የሐሙስ ገበያው ስም ዛሬም አልጠፋም። እኔን ያቆመኝ ኮረሪማው ነው። ደርቆ በክር እንደ መቁጠሪያ ተሰክቷል፣ ሻጯ እናት አንዱን ፍሬ ሰንጥቀው አፍንጫዬ ሥር አደረጉልኝ። ወጥ ውስጥ ገብቶ የማውቀው ሽታ ለብቻው ሲሆን እንዲህ ብርቱ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከጎናቸው ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የወጣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ተደርድሯል። ምስማርም ማጣበቂያም የለውም። የጅማ አናጺ እጅ ሲባል የምሰማው ይሄን ነው ለካ። አንዱን ገዛሁ፤ እስካሁን ከሳሎኔ አልጠፋም።

አርብ ጠዋት በእግር ወደ ጅሬን ወጣን። ከከተማው መሀል ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ባጃጅ ሞልቷል፣ ግን እህቴ በተማሪነቷ ጊዜ ሁልጊዜ በእግሯ ነበር የምትወጣው፤ እኔም ኮረብታውን በእግሬ መለካት ፈለግሁ። መንገዱ ላይ የሚገጥመን ሁሉ ሰላምታ አይነፍግም። «አካም ቡልታን?» ሲሉን እህቴ በኦሮምኛ ትመልሳለች፣ እኔ እጄን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ። ዳገቱ ሲጠና ዞር ብለን ከተማውን እናያለን። ጅማ ዙሪያዋን በኮረብታ የታጠረች፣ ሳህን ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት። አዌቱ ወንዝ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፍና ወደ ግልገል ግቤ ይወርዳል።

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር የነገሡት እ.ኤ.አ. በ1878 ገና በወጣትነታቸው ሲሆን እስከ 1932 ድረስ ቆይተዋል። በዚያ ዘመን ግማሽ ምዕተ ዓመት በዙፋን መቆየት ቀላል ነገር አይደለም። ለምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው አገራቸውን ከጦርነት ስላተረፉ የጅማ መንግሥት የውስጥ አስተዳደሩን እንደያዘ ኖረ። ይህን ምክር የሰጧቸው እናታቸው ጉሚቲ እንደነበሩ ይነገራል። አስጎብኚው ይህን ሲተርክ እህቴ ወደኔ ዞራ «አየህ፣ የእናት ምክር የሰማ» አለችኝ፤ የቡናውን ነገር ማለቷ ነው።

እኔ ግን ከታሪኩ ይልቅ እንጨቱ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። ቤቱ ፎቅ ነው፣ ሰገነቱ ዙሪያውን ይከበዋል፣ ምሰሶውና ወለሉ እንጨት ነው። እጄን በአንዱ ምሰሶ ላይ አሳርፌ ይህን የሚያህል ግንድ የሚያበቅለው ጫካ ምን ዓይነት ነው ብዬ አሰብኩ። መልሱን ለማየት አንድ ሌሊት ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

ከጅሬን ስንመለስ ጊዜ ስለተረፈን ወደ ቦዬ ሄድን። ከከተማው ዳር ያለ ረግረግና ኩሬ ነው፣ ጉማሬ አለበት። ጆሮና አፍንጫ ብቻ ብቅ ሲል አየን፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን፣ ደስ ብሎን ተመለስን። አጋሮን ለሌላ ጊዜ አቆየነው፤ ቡና መጀመሪያ ተገኘበት የሚባለው ጮጬ በዚያ በኩል ነው፣ በአንድ ቀን እሱንና የበለጤን ደን ልናደርስ ብንሞክር ሁለቱንም ሳናይ እንመለስ ነበር።

ቅዳሜ ወደ በለጤ ጉዞ ጀመርን። የበለጤ ጌራ ደን በዚህ በኩል የሚገኘው ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሚኒባሱ ሰቃን ካለፈ በኋላ ማሳው እየቀነሰ ጥላው እየጠና ሄደ። ከአስፋልቱ ወርደን ሃያ እርምጃ ሳንራመድ የመኪናው ድምፅ ጠፋ። መሬቱ ቅጠል በቅጠል ሆኖ እግር ይሰምጣል፣ ቦት ጫማ አድርጉ የተባልነው ለዚህ ነበር። የመራን ልጅ የአካባቢው የደን ማኅበር አባል ነው። ማኅበሩን ዋቡብ ይሉታል፤ የኦሮምኛው ስያሜ አጭር መጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በጃፓን መንግሥት ድጋፍ በተጀመረ ፕሮጀክት የየመንደሩ ገበሬ ደኑን ከመንግሥት ጋር ሆኖ እንዲጠብቅ፣ በምትኩም ቡናውንና ማሩን እንዲጠቀም ውል ገብቷል። በ2007 የደኑ ቡና ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት አገኘ።

ቀራሮ የሚባለውን ትልቅ ዛፍ ያየሁት እዚያ ነው። አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ጫፉን ፈለግሁ፣ አላገኘሁትም፤ ከ40 ሜትር በላይ ያድጋል። ሥሩ ከግንዱ ወጥቶ እንደ ግድግዳ ቆሟል፣ ሰው ከኋላው ቢቀመጥ አይታይም። ግንዱ በሙሉ ሽበት ለብሷል፣ በሽበቱ ላይ ሌላ ተክል፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላ በቅሏል። ወራጁ ውኃ አጠገብ ዛፍ የሚያክል ፈርን ቆሟል። ዋንዛውን፣ ብርብራውን፣ ሰሳውን ልጁ በጣቱ እያሳየ ይቆጥርልን ነበር። ከገተማ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ረጃጅም ቀፎዎች ተጋድመዋል። እዚያ ድረስ ወጥቶ፣ ያውም በሌሊት ማር መቁረጥ ምን ልብ እንደሚጠይቅ አሰብኩ። ከላያችን ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። እኛን ሲያዩ እየዘለሉ ተሻገሩ፣ ለመዝለያ አውራ ጣት እንኳ የላቸውም።

ታዲያ ቡናው የት አለ? ከአጠገቤ ነበር። እኔ የጠበቅሁት ፍሬ የጫነ ቁጥቋጦ ነው፤ ያገኘሁት ቀጭን፣ ረዥም፣ ብርሃን ፍለጋ የተንጋደደ ዛፍ ሆነ። በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ አምስት ስድስት ቀይ ፍሬ ብቻ አለው። ልጁ አንዷን እሸት ቀጥፎ ሰጠኝ። ሥጋዋ ስስ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ፍሬዋ ምላስ ላይ ያዳልጣል። ማንም አልተከላትም። ወፍ ወይም ጦጣ በልቶ የጣለው ዘር ነው የበቀለው። ከሥሯ ደግሞ ገበያ ላይ ያየሁት ኮረሪማ ቀይ ፍሬውን መሬት ለመሬት አውጥቷል። እናቴ በምጣድ የምትቆላውና በድስት የምትጨምረው በአንድ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጦ አየሁት።

ወደ ቀትር ስንጠጋ ጫካው ተለወጠ። የላይኛው ጥላ አለ፣ ከሥሩ ግን ቡናው በዛ፣ ተስተካከለ፣ መሬቱም ተመንጥሮ እንደ ግቢ ጠርቷል። ለቃሚ ሴቶች ቅርጫታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቅርንጫፉን ዝቅ እያደረጉ ይለቅማሉ፣ አንዷ ታንጎራጉራለች። ፀሐይ በቅጠሉ ቀዳዳ እየተንጠባጠበች ትገባለች። «እንዲህ የሚያምር ቦታ አላየሁም» አልኩ፣ ከልቤ ነበር።

ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ «ጋሼ፣ ምን እንደጎደለ ይታይዎታል?» አለኝ።

ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ምንም አልጎደለም። እህቴም ዘወር ዘወር ብላ አየች።

«ትንንሽ ዛፍ የለም» አለ። «ትልልቆቹ አሉ፤ ልጅ የላቸውም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ገበሬው ለለቀማ እንዲመቸውና ቡናው እንዳይታፈን በየዓመቱ ከሥር ያለውን በገጀራ ይመነጥራል። አረሙ ሲሄድ የቀራሮው ቡቃያም አብሮ ይሄዳል። አርባ ዓመት እንዲህ ከቀጠለ የላይኛው ዛፍ ሲያረጅና ሲወድቅ የሚተካው አይኖርም። ከሩቅ ሲያዩት ደን ነው፣ በካርታም ደን ይባላል፣ ውስጡ ግን ወራሽ የለውም። ልጁ ከማኅበሩ ጋር ተነጋግረው በየቦታው ጥቂት ቡቃያ እንደሚተዉ ነገረኝና አንዱን አሳየኝ። ጉልበት የማትደርስ ቀራሮ ናት፣ ገጀራ የያዘ ሰው እንዲያያት ነጭ ጨርቅ ታስሮባታል።

ይህ የጥቂት ገበሬዎች ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ እህቴ ስለ መልኮ ስታነሳ ነው። ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ቅጥር ውስጥ በተማሪነቷ ገብታ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1971 ባለሙያዎች ሲቢዲ የሚሉት፣ አረንጓዴውን የቡና ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፍ በሽታ ኢትዮጵያ ገብቶ ብዙ ማሳ አጠፋ። ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት በዚህ በደቡብ ምዕራብ ጫካ ውስጥ ነው፤ በሽታው መሀል ቆመው ያልታመሙ ዛፎችን እየለዩ ዘር ሰበሰቡ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 የተባሉ የቡና ዝርያዎች ከዚያ የመጡ ናቸው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። ይህ ጫካ ባይኖር ኖሮ ያን ጊዜ ወዴት ይኬድ ነበር? እኔ በበኩሌ የጥላ ቡና ተወደደ ብዬ ከእንግዲህ አልከራከርም። ያቺን ነጭ ጨርቅ ያሰረ ሰው ጊዜውንም ምርቱንም ከፍሎበታል፤ እኛ ጠጪዎቹም ድርሻችንን ልንከፍል ይገባል።

አመሻሽ ላይ ልጁ ወደ እናቱ ቤት ወሰደን። በግቢው ከእንጨትና ከሽቦ የተሠራ አልጋ ላይ እሸት ቡና ለጀንፈል ተሰጥቷል፣ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጠቁሮ የተጨማደደ ነው። እናቱ ቄጤማ ጎዝጉዘው ቡናውን ቆሉ፣ ጭሱን በእጃቸው ወደ እኛ ላኩልን። በጨው ነው የሚጠጡት፤ ለእንግዳ ብለው ስኳር አምጥተው ነበር፣ እኛ ግን በእሳቸው ወግ ጠጣን። አቦሉ ወፍራም ነው። ቶናው ላይ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት አጫወቱን። በረካው ተጥዶ እያለ ከሸቤ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ።

ማንም ምንም አልተናገረም። እናትየው ረከቦቱን ወደ ጓዳ አስጠጉ፣ ልጁ ላስቲኩን አነሳ፣ የጎረቤት ልጆች በአጥሩ ሥር ሾልከው መጡ። እህቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ከአልጋው ወዲያኛው ጫፍ ደረሰች፣ እኔ ድንጋይ እያነሳሁ የላስቲኩን ዳር አስያዝኩ። መጨረሻው ጫፍ ሲሸፈን ዝናቡ ወረደ። ግማሽ ሰዓት በቤቱ ቆርቆሮ ላይ ሲደበድብ ቆየ። ውኃው ከዚህ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል፣ ከጎጀብ ወደ ኦሞ።

ወደ ቤት ስንገባ ፍሙ አልጠፋም ነበር። እናትየው ጀበናውን መልሰው ጣዱ፣ የለቀማውን ዘንቢል ከበሩ ኋላ ሰቀሉ፣ ተቀምጠውም በረካውን ቀዱልን።