አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው

ዛሬ ደሴ ፒያሳ፣ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ጋሼ ዘንድ የጆሮ ማዳመጫ አምፕሊፋየሬን ይዤ ሄድኩ። አምፖል የሚመስሉ ሁለት ቱዩቦች ያሉት ነው። ግራው ጆሮ ላይ ይንኮሻኮሻል፤ በሁለቱም ደግሞ «እምምም» ይላል።

መጀመሪያ አጥፍተው ቱዩቦቹ እስኪቀዘቅዙ ጠበቁ። ከዚያ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወሩ። መንኮሻኮሹ ቱዩቡን ተከትሎ ወደ ቀኝ ሄደ። «እምምም» የሚለው ግን ንቅንቅ አላለም። «አንዱ ቱዩብ አልቆለታል፤ ይሄኛው ድምፅ ግን ከፓወሩ ነው። አብሽር የኔ ልጅ» አሉኝ።

የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል፤ ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ኤሌክትሪክ) ሲቀየር ሞገዱ እጥፍ ሆኖ 100 ይሆናል። ያንን የሚያለሰልሰው ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) ሲደርቅ ድምፁ ጆሮ ድረስ ይመጣል።

ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን እጃቸው ነው። ሽፋኑ ተከፍቶ ቮልቴጅ ሲለኩ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ለምን ስላቸው፣ «ሁለቱም እጅ ከነካ ኤሌክትሪኩ በልብ በኩል ያልፋላ!» አሉ። ከሶኬት ከነቀሉት በኋላም ካፓሲተሩ የያዘውን ቻርጅ በሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን በሚገታ ዕቃ) አራግፈው፣ ደግመው ለክተው ነው የነኩት። ችኮላ የሚባል ነገር የለም።

አጠገባቸው የሚማር ልጅ አላየሁም። ከተማችን ውስጥ ስልክ ከፍቶ የሚጠግን ወጣት ሞልቷል፤ አንዱ እንኳ ከጎናቸው ቢቀመጥ እንዴት ደስ ባለኝ! ኤሌክትሮኒክስ የምትማሩ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ሱቃቸው ድረስ እወስዳችኋለሁ።